ለአንድ ሰይፍ አንድ ሰገባ፦ የጃፓን ሰይፍ ምትክ ሰገባ አመራረጥና አያያዝ

ስለ ጃፓን ሰይፍ ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ብረቱ ነው። እንዴት እየታጠፈ እንደሚቀጠቀጥ፣ ስለቱ እንዴት በውኃ እንደሚጠነክር፣ ስንት መቶ ዓመት እንደኖረ ይተረካል። ሰገባው ግን እንደ ዕቃ መጠቅለያ ተቆጥሮ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን የተረሳ ክፍል ማንሣት ነው። ለምን ቢባል፣ ዛሬ የጃፓን ሰይፍ ጦር ሜዳ አይውልም፤ የሚውለውም የሚያድረውም ሰገባው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቢቧጨርም ቢዝግም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ማደሪያው ነው። 600 ዓመት የኖረን ብረት ልክ ያልሆነ ሰገባ በአንድ ክረምት ሊያበላሸው ይችላል።

በአማርኛ ሰገባ ወይም አፎት የምንለውን ጃፓኖች «ሳያ» ይሉታል። የኛ አገር የጎራዴ ሰገባ ቆዳ ነው፤ ለወገብ ይመቻል፣ ቢወድቅም አይሰነጠቅም። ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫነት ግን ቆዳ አይሆንም። ቆዳው ሲለፋ የገባበት ነገርና ከአየር የሚስበው እርጥበት ተጋግዘው ብረቱን ያዝጉታል፤ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች የቆዳ ሰገባንና ብረትን ለያይታችሁ አስቀምጡ የሚሉት ለዚህ ነው። ጃፓኖች ብረቱን ከሰገባው ሳይለዩ ዘመን ከዘመን ለማቆየት የመረጡት እንጨት ነው፤ ያውም የተገኘውን እንጨት ሁሉ አይደለም።

እንጨቱና ሙጫው

እንጨቱ «ሆኖኪ» ይባላል፤ ከማግኖልያ ዛፎች ወገን ነው። ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ጭረቱ እኩል የሄደ ስለሆነ ለመሮ ይታዘዛል፣ በውስጡ ያለው ሙጫና አሲድም አነስተኛ ነው። ኦክን ብንወስድ ታኒን ስላለው ብረት ያጠቁራል፣ ያዝጋልም። እንደ ጽድ ያለው ቅባታምና ሽታ ያለው እንጨትም ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ሆኖኪ ከብረቱ ይልቅ በጣም ለስላሳ መሆኑ ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲነካኩ የሚጎዳው እንጨቱ ነው። እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ለዓመታት እንዲደርቅ ይተዋል። በእንጨት ሥራ ትምህርታችን እንደምናውቀው በደንብ ያልደረቀ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ለወንበር እግር አንድ ሚሊሜትር ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለሰገባ ግን አንድ ሚሊሜትር በጣም ብዙ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሰገባ ሠሪው (በጃፓንኛ «ሳያሺ» ይባላል) እንጨቱን በቁመቱ ለሁለት ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱን ግማሽ በሰይፉ ቅርጽ ልክ በመሮ ይፈለፍለዋል፤ ከዚያ ሁለቱን መልሶ ያጣብቃቸዋል። ማጣበቂያው ምን ይመስላችኋል? የተቀቀለ ሩዝ ነው! የበሰለ ሩዝ ተደቁሶና ተለውሶ ሙጫ ይሆናል። ይሄ ነገር መጀመሪያ ሲሰማ ሌላ ማጣበቂያ ካለመኖር የመጣ ያስመስላል፤ ዛሬ ግን ገበያው በኮላ ዓይነት ተሞልቶ እያለ ጥሩ ሰገባ ሠሪ አሁንም ሩዙን አልተወም። አንደኛው ምክንያት ሩዝ ብረት የሚጎዳ ትነት የማያወጣ መሆኑ ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሩዝ ያን ያህል ጠንካራ አለመሆኑ ነው። ሰገባው ውስጥ ዝገት ወይም አሸዋ ከገባ ባለሙያው በመጋጠሚያው ላይ ተጠንቅቆ ይከፍተዋል፣ ውስጡን ያጸዳል፣ መልሶ ይገጥመዋል። አናጺ ቤት በምናውቀው ነጭ ኮላ የተጣበቀ ሰገባ ግን ልክፈትህ ሲሉት መጋጠሚያው አይለቅም፤ እንጨቱ ራሱ ይገነጠላል። ነጩ ኮላ እያረጀ ሲሄድ የኮምጣጤ አሲድ ትነት ሊያወጣ ስለሚችል፣ አየር በማያገኝ ጠባብ ቦታ ከብረት ጋር አብሮ መዝጋት አይመከርም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ እንጨቱ ለስላሳ፣ ሙጫው ደካማ የሆነው በስሕተት አይደለም። አንድ ነገር መጎዳት ካለበት ሰገባው እንዲጎዳ፣ ብረቱም እንዲተርፍ ታስቦ ነው። ስለዚህ ሰገባ መለወጥ ከሰይፉ ታሪክ ላይ አንድ ነገር መቁረጥ የሚመስላቸው ሰዎች ነገሩን አልተረዱትም ባይ ነኝ። አንድ አሮጌ ብረት በዕድሜው ብዙ ሰገባ ሊጨርስ ይችላል።

የማደሪያ ሰገባና የመውጫ ሰገባ

ምትክ ለማግኘት ከመነሣታችን በፊት የምን ዓይነት ሰገባ እንደምንፈልግ ማወቅ አለብን። የጃፓን ሰገባ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው «ሺራሳያ» ነው፤ ነጭ ሰገባ ማለት ነው። ቀለም አይቀባም፣ ጌጥ የለውም፣ እጀታው ጭምር ከዚያው ከሆኖኪ እንጨት ይሠራል። እንጨቱ ስላልተቀባ ከአየሩ ጋር ቀስ እያለ እርጥበት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ለማስቀመጫ ይመረጣል። ለመያዝና ለመምታት ግን ፈጽሞ አልተሠራም። እጀታው ላይ እጅ እንዳያዳልጥ የሚያደርግ ጥልፍ የለም፣ በእጀታውና በስለቱ መካከልም የእጅ መከላከያ የለም። የያኩዛ ፊልሞች ላይ ሰዎች ነጭ ሰገባ ያለውን ሰይፍ መዘው ሲፋለሙ የምናየው ለዓይን ያምራል እንጂ እጀታው ከሩዝ ሙጫ ጋር እንደተያያዘ ለሚያውቅ ሰው ያስፈራል።

ሁለተኛው ሙሉ ልብስ ያለው ነው፤ «ኮሺራዬ» ይባላል። በዚህኛው ሰገባው በ«ኡሩሺ» ይቀባል። ኡሩሺ ከአንድ ዛፍ ቅርፊት የሚፈስ ፈሳሽ ሲሆን ያልደረቀው የሰውን ቆዳ ክፉኛ ያሳክካል። አደራረቁ ደግሞ ከምናውቀው ቫርኒሽ የተለየ ነው፦ እንዲጠነክር ሞቅ ያለና ከ70 እስከ 85 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ይፈልጋል። ደርቆ ከጠነከረ በኋላ ውኃ አያስገባም። በጎኑ ላይ ገመድ የሚታሰርበት ጉብታ («ኩሪጋታ») አለው፤ አፉና መጨረሻው ብዙውን ጊዜ በጎሽ ቀንድ ይጠናከራል።

ሀብት ያለው ሰው ለአንድ ብረት ሁለቱንም ያሠራል። ብረቱ በነጭ ሰገባው ሲያርፍ ኮሺራዬው ባዶውን እንዳይቀር «ጹናጊ» የሚባል የእንጨት ብረት፣ ማለትም በሰይፉ አምሳል የተቀረጸ እንጨት፣ ይገባበታል። ብዙ ሰይፎች ዛሬ በነጭ ሰገባ ብቻ የሚገኙበት አንዱ ምክንያት ታሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የሜይጂ መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መሄድን ሲከለክል ኮሺራዬ ሥራ አጣ፤ ብዙው እየተፈታ ጌጡ ለብቻው ተሸጠ። ከእ.ኤ.አ. 1945 በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙ ሰይፍ ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ከነዚህም ውስጥ አሮጌ ብረት ሆኖ ለጦርነቱ ሲባል ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ እንጨት የሆነ የወታደር ሰገባ የለበሰ አለ። የዚያ ሰይፍ ወራሽ ዛሬ «ሰገባው ተበላሽቷል፣ ምን ላድርግ?» ቢል ጥያቄው የሚገርም አይደለም።

ልክ መሆን ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው። ጥሩ ሰገባ ብረቱን ጥብቅ አድርጎ አቅፎ የሚይዝ ይመስለናል። እውነታው ተቃራኒው ነው። ከእጀታው በላይ፣ ብረቱ ሥር ላይ «ሃባኪ» የሚባል የመዳብ ወይም የሌላ ብረት አንገትጌ አለ። የሰገባውን አፍ የሚይዘው ይህ አንገትጌ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ብረቱ በጀርባው በኩል ይደገፋል እንጂ ስለቱም ሆነ ሁለቱ ጎኖቹ እንጨቱን መንካት የለባቸውም፤ በትንሽ ክፍተት ውስጥ ተንሳፈው ይቀመጣሉ። ስለቱ እንጨት የሚነካ ከሆነ በተመዘዘ ቁጥር ሰገባውን ይልጠዋል። ጎኑ የሚነካ ከሆነ በመሳያ ድንጋይ ብዙ ቀን የተለፋበት መስታወት የመሰለ ገጽ ላይ ረጃጅም ጭረት ይወጣል። ያንን ጭረት ለማጥፋት እንደገና መሳል ያስፈልጋል፤ በተሳለ ቁጥር ደግሞ ብረቱ ይሳሳል። ብረት እንደ እንጨት አይተካም።

የሰገባው አፍ በጃፓንኛ «ኮይጉቺ» ይባላል፤ ኮይ የሚባለው የዓሣ አፍ ማለት ነው፣ ቅርጹ ስለሚመስል። አፉ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሰይፉ ተገልብጦ ወደ ታች ሲያዝ በገዛ ክብደቱ ሳይወድቅ ሲቀር፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲደረግ ግን ያለ ትግል ለቀቅ ሲል ነው። አንገትጌው ከወጣ በኋላ ያለው ጉዞ ምንም የመያዝ ስሜት ሊኖረው አይገባም። ሰይፉ ገብቶ ሰገባው ቀስ ተብሎ ሲወዘወዝ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ ብረቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን የሰይፉን ርዝመት ለክተን ዝግጁ ሰገባ አንገዛም? ርዝመት የሚለካው ከጫፉ አንሥቶ አንገትጌው እስከሚያርፍበት የጀርባ እርከን ድረስ በቀጥታ መስመር ነው። ጉብጠቱ የሚለካው ደግሞ ከዚያ ቀጥታ መስመር እስከ ሰይፉ ጀርባ ባለው ትልቁ ርቀት ነው። አሁን ሁለት ሰይፎች እናስብ። የሁለቱም ርዝመት 70 ሳንቲሜትር፣ የሁለቱም ጉብጠት 1.8 ሳንቲሜትር ነው። አንደኛው የሚጎብጠው ወደ እጀታው ጠጋ ብሎ ነው፣ በካማኩራ ዘመን የቢዘን ሠሪዎች እንደሚያደርጉት። ሌላው የሚጎብጠው ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ ነው፣ በሙሮማቺ ዘመን እንደታየው። በወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የአንዱ ሰገባ ግን ሌላውን አያስገባም፣ ቢያስገባም ስለቱን ያስነክሳል። ስፋቱና ውፍረቱ ከሥር እስከ ጫፍ የሚቀንስበት መጠንም እንዲሁ ከሰይፍ ሰይፍ ይለያል። ጃፓኖች ሁለት ሰዎች አልስማማ ሲሉ «ጉብጠታቸው አይገጥምም» ይላሉ፤ ተጣልተው የነበሩ ባልና ሚስት ሲታረቁ ደግሞ «ወደ ቀድሞው ሰገባ ተመለሱ» ይባላል። አባባሎቹ የመጡት ከዚሁ ነው።

እንግዲህ ምትኩን እንዴት እናግኝ?

ለእውነተኛ የብረት ሰይፍ ትክክለኛው መንገድ አንድ ነው፦ ሰይፉን ራሱን ሰገባ ሠሪው እጅ ማስገባት። ሠሪው ብረቱን ግማሹ እንጨት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ያሰምራል፣ ይፈለፍላል፣ ይሞክራል፤ የነካበት ቦታ በዘይቱ ምልክት ይታወቃል፤ እዚያች ላይ ብቻ ፋቅ ያደርጋል፣ መልሶ ይሞክራል። ይሄ ሥራ በፎቶግራፍና በቁጥር የሚላክ አይደለም። ሰይፉ እንደ አዲስ ሊሳል ከሆነ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅማል። የተበላሸ አንገትጌ አስቀድሞ ይሠራል፣ ሰገባው የሚለካው በአንገትጌው ነውና። የመጨረሻው ስለት ሥራ አልቆ ብረቱ ወደ አሮጌው ቆሻሻ ሰገባ ከተመለሰ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በአሮጌው እንጨት ውስጥ የተቀበረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲሱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ትሰነጥረዋለች። በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ሰይፍ ሲያስሉ አዲስ ነጭ ሰገባ አብረው የሚያሠሩት ለዚህ ነው።

ያገለገለ ሰገባ ገዝቶ ማስተካከልስ? ሰፊ ከሆነ ተጨማሪ እንጨት እያስገቡ፣ ጠባብ ከሆነ እየፈለፈሉ ሊሞከር ይችላል፤ ግን የተቀባ ሰገባ ያለ ቀለሙ ጉዳት ስለማይከፈት ውስጡን ማየትም ማጽዳትም ያስቸግራል። የማን ብረት እንዳደረበት፣ ምን ዓይነት ዝገት እንደተውበት አይታወቅም። እኔ ብጠየቅ ለጌጥ ካልሆነ በስተቀር አልመክርም። ጥንት ይህን ችግር ያሰበበት ሠሪ ከውጪው ሰገባ ውስጥ የሚወጣና የሚገባ ቀጭን የእንጨት ገበር ያስገባ ነበር፤ ገበሩ ሲቆሽሽ ወጥቶ ይጸዳል፣ ውጪው አይነካም። እንዲህ ያለ አሮጌ ሰገባ የተገኘ እንደሆነ ሌላ ነገር ነው።

ለኢያይዶ ልምምድ የሚያገለግለው ሰይፍ ጉዳይ ቀለል ይላል። ይሄኛው ብዙውን ጊዜ ከዚንክና ከአሉሚኒየም ቅይጥ በቅርጽ የሚወጣ፣ ስለት የሌለው ሰይፍ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ሰገባው ከዚያው ከሰይፉ አምራች በርዝመት ሊታዘዝ ይችላል። ርዝመቱ በሻኩ፣ በሱንና በቡ ነው የሚነገረው፤ አንድ ሻኩ 30.3 ሳንቲሜትር፣ አንድ ሱን የሻኩ አንድ አሥረኛ፣ አንድ ቡ ደግሞ የሱን አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ 2 ሻኩ ከ4 ሱን ከ5 ቡ የተባለ ሰይፍ 74.2 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቢሆንም አምራቹ ሌላ ከሆነ ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ብቻ ይገጥማል ብሎ ማመን አይቻልም።

አያያዝ

በመጀመሪያ ስለ ጣት። ሰይፍ ሲመዘዝ ግራ እጅ የሰገባውን አፍ ይይዛል። አመዛዘዙ በብረቱ ጀርባ ላይ ተንሸራቶ መሆን ሲገባው ብዙ ጀማሪ በስለቱ በኩል ይጫናል። ስለቱ እንጨቱን ቀስ በቀስ እየበላ ይሄዳል፤ መጋጠሚያውም በዚያው በስለቱ በኩል ስለሚያልፍ አንድ ቀን ይከፈታል። በተከፈተው በኩል የሚጠብቀው የራስ መዳፍ ነው። ስለዚህ ሰገባውን በአፉ ደፍታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። የእንጨት ብናኝ ወይም ቅርፊት ከወረደ ስለቱ እንጨት እየበላ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ሰገባ ልምምድ መቆም አለበት። በመጋጠሚያው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከታየም እንዲሁ። ስንጥቁን በላስቲክ ፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል ጣትን መወራረድ ነው።

አፉ ከላላ ከዚያው ከሆኖኪ እንጨት እንደ ወረቀት የሳሳ ልጣጭ በላላው ጎን ውስጥ በትንሽ ሙጫ ይለጠፋል፤ ከደረቀ በኋላ ይሞከራል። ካርቶን ወይም ጨርቅ መወተፍ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ግን ሁለቱም እርጥበት ይስባሉ፣ ያንን እርጥበት ደግሞ አንገትጌው ሥር ያቆዩታል። አፉ ከጠበበ ያበራውን ቦታ ፈልጉ፤ ብረቱ የሚጫነው እንጨት ተጨፍልቆ ያብለጨልጫልና። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ይፋቃል፣ በየመካከሉም ብናኙ ተራግፎ ይሞከራል። ከዚህ በፊት ግን አንድ ወቅት መታገሥ ጥሩ ነው። እንጨት በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። እርጥበት ካለው የጃፓን አየር ወጥቶ ደረቅ አገር የገባ ሰገባ አፉ ሊላላ፣ ከባሰም ሊሰነጠቅ ይችላል። በዝናብ ወቅት ጠበበ ተብሎ የተፋቀ ሰገባ በደረቁ ወራት ልል ሆኖ ይቀራል።

ዘይት ላይ ብዙ ሰው ያበዛል። ብረቱ የሚቀባው ለዓይን የማይታይ ያህል ስስ ሆኖ ነው፤ አሮጌው ዘይት ተጠርጎ ከጠፋ በኋላ። ትርፉ ዘይት ወደ ሰገባው ይወርዳል፣ እንጨቱ ይጠጣዋል፣ አቧራ ይይዛል፣ በመጨረሻም ሰገባው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ሠሪዎች ይህንን ስለሚያውቁ ከጫፉ በታች በሰገባው መጨረሻ ላይ የዘይት መጠራቀሚያ ትንሽ ጉድጓድ ይተዋሉ፤ እሱም ግን ተአምር አይሠራም። በሰገባው ውስጥ ዘይት ማፍሰስ የሚባለውንማ ጭራሽ አታስቡት።

ብረቱ ላይ ዝገት ከታየ ቦታውን በማስታወሻ ያዙ። ከተጸዳ በኋላ ከወራት ቆይታ በትክክል እዚያው ቦታ ተመልሶ ከመጣ ምንጩ ብረቱ አይደለም፤ ዝገቱ ሰገባው ውስጥ ተቀምጧል። ነጭ ሰገባ ከሆነ ባለሙያ ይከፍተዋል፤ የተቀባ ከሆነ ለመለወጥ ማሰብ ይጀመራል፣ እስከዚያውም ብረቱ እዚያ ሰገባ ውስጥ አያድርም። የተቀባውን ሰገባ ከፀሐይ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ኡሩሺ ውኃን ቢችልም የፀሐይ ብርሃን ያፈዘዋል። መወልወያው ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ነው፤ የዕቃ ማጽጃ ኬሚካል አያስፈልገውም። ሰይፉ ሲቀመጥ አግድም ተጋድሞ፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ነው፤ በዚህ አቀማመጥ ክብደቱ በጀርባው ላይ ያርፋል። በስለቱ ወደ ታች የሚሰቀለው «ታቺ» የሚባለው የጥንቱ ዓይነት ነው።

አዲሱ ሰገባ ከመጣ በኋላ አሮጌው ምን ይሁን? በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው ሕግ መሠረት የምዝገባ ወረቀቱ የሚከተለው ብረቱን ስለሆነ ሰገባ መለወጥ ወረቀቱን አይነካም። ይሁን እንጂ አሮጌው ነጭ ሰገባ ላይ በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ካለ መጣል የለበትም። «ሳያጋኪ» ይባላል፤ የሠሪውን ስም፣ የብረቱን ርዝመት፣ የመርማሪውን አስተያየት፣ ቀኑንና ፊርማውን ይይዛል። ሆንአሚ ኮሶንንና ሳቶ ካንዛንን የመሳሰሉ አዋቂዎች የጻፉበት ሰገባ ለብቻው እንደ ሰነድ ይቆጠራል። ሰገባው ብረት መያዝ ባይችል እንኳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአዲሱ ጎን ይቀመጣል፤ ሰይፉ ሲሸጥም ሆነ ሲወረስ አብሮ ይሄዳል።